እሙዬን ያለ አለንጋ ያሳደጉት አቶ በሪሁን ረታ

አቶ በሪሁን ረታ ከአባታቸው ከአቶ ረታ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ቢራቱ በ1911 ዓ.ም. በጎሬ ከተማ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ጋምቤላ ወርደው በባሮ ወንዝ ወደብ ጸሐፊ ሆኑ። ቆላው ይገድልሃል ያሏቸውን ሁሉ ሳይሰሙ እዚያው ቀሩ። በ1945 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልማዜ ጋር በቁርባን ተጋብተው ከሦስት ዓመት በኋላ እሙዬን ወለዱ።

እሙዬ ዘግይታ ቆመች፤ አፏም ሳይፈታ ቀረ። ባሮን ካየች ግን የሚይዛት የለም፤ ወንዙ ደግሞ አዞ አያጣም። አንድ ያለው እንቅልፍ የለውም እንዲሉ፣ አባቷ በፍርሃት አለቁ። በጊዜው ቅጣት ማለት አለንጋ ነበርና ወደ ውሃው ባመራች ቁጥር እየጮኹ ይገርፏት ጀመር። ውሃውን እንድትፈራ ብለው ነበር፤ ልጅቱ የፈራችው ግን እርሳቸውን ነው።

በ1955 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ባሮ ሞልቶ ሳለ፣ ዳር ላይ ቆማ አዩዋትና በስሟ ተጣሩ። ድምፃቸውን ስትሰማ ከአባቷ ሸሽታ ውሃው ውስጥ ገባች። ውሃ ይቀዱ የነበሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አቻን ዘለው ገብተው አወጧት። አቶ በሪሁን ሊያቅፏት እጃቸውን ሲዘረጉ ሕፃኗ ፊቷን ሸፈነች። ወይዘሮ አቻንም ይህች ልጅ ቁጣ አይገባትም፣ ሰው አብሯት ሆኖ ደጋግሞ ሲያሳያት ነው የሚገባት አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ አለንጋ ቤታቸው አልገባም። በየማለዳው እጇን ይዘው ከወንዙ መለስ ብሎ እስካለው የማንጎ ዛፍ ይሄዱና ይቆማሉ። ስትቆም ያሞግሷታል፤ ዛፉን ስታልፍ ድምፃቸውን ሳያሰሙ አቅፈው ይመልሷታል። ሰው ልጁን አሞላቀቀ ብሎ አማቸው። ከዓመት በላይ ከለፉ በኋላ ብቻዋን ከዛፉ መመለስ ቻለች። እርሳቸውን ግን እኔ ስሞት ማን እጁን ያነሣባት ይሆን የሚለው ስጋት እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥር 19 ቀን 1965 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውንና እሙዬን ትተው ሄደዋል።

እሙዬ አሁን ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች፤ አባቷ የተኙ ይመስላታል። ስለዚህ ሙሾው ዝግ ይበል፤ ማንም አይጎትታት፤ የሚመልሳት ሰው ከፊቷ ቀርቦ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃት። ይህ የሟች አደራ ነው። ለደከመች ነፍሳቸው አምላካችን ፍርሃት የሌለበት ማረፊያ ይስጥልን። አፈር ማልበሱም እሙዬ እጇን እስክትሰጠን ይቆይ።