በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሰፈር

ውድ ታናሼ፣

አሁን «የተከበሩ» እያሉ ነው አሉ የሚጠሩህ። እኔ ግን አፍንጫህን እየጠረግኩ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝና ታናሼ እንዳልኩህ እቀጥላለሁ። ደህንነትህን አልጠይቅም፤ በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ፣ ወፍረሃል። እኛን ካልክ፣ አባባ ደህና ነው፣ እኔ ግን በንዴት ላብድ ነው።

ሕጉ በምክር ቤት የጸደቀ ቀን ሰፈሩ እንዴት እንደዋለ ልንገርህ። አንተ «በአውራ ጎዳናዎች ላይ የባህል መንደሮችን የሚጠቁም ምልክት ስለማቆም» ብለህ ስታነብ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በደንበኛው ጉንጭ ላይ እንደያዘ «ዝም በሉ! ልጃችን እያወራ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ከነአረፋው እስክትጨርስ ጠበቀ። የዳቦ ቤቱም፣ የልብስ ሰፊውም፣ የጫማ አዳሹም ታፔላ በእጅ የተጻፈበት ሰፈር ከዚህ ሌላ የት ቀረ? በአውራ ጎዳናው ሽው ብሎ የሚያልፈው መኪና አንድ ቀን ወደኛ ይታጠፋል እያልን ነው የኖርነው። እነዚያን ታፔላዎች ሲጽፍ የኖረው አባባ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብሩሽ አልጨበጠም፤ የዚያን ቀን ግን «ልጄ መንገድ አሳየልን» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ምልክቱ መጣ። ከፋብሪካ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። አባባን በግራና በቀኝ ደግፈን እስከ አውራ ጎዳናው ወሰድነው። ቀና ብሎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው አባባ?»

«በእሳቱ ሰ ነው የጻፉት» አለኝ። «በአልፋው አ።»

እውነቱን ነው። «የሰአሊዎች መንደር» ይላል። በስንት ኩርኩም የተማርነው ነገር ነው እኮ! ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው፤ በእሳቱና በአልፋው ሲጻፍ ለማኝ ይሆናል። ንድፉን አይቶ ያጸደቀው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ አንተ ነህ። አባባ ግን ሳቀ። «ይሁን፣ ዛሬ ማን ፊደል ይለያል» ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔም ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬ አዘንኩልህ።

በሳምንቱ የጭነት መኪና መጣ። አንድ ትሁት ወጣት መሰላል አቁሞ የዳቦ ቤቱን ታፔላ ሲነቅል ደረስኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እትዬ፣ በባህል መንደር ውስጥ ደረጃውን ያልጠበቀ የእጅ ጽሑፍ አይፈቀድም።»

«ሰውዬ! መንደሩ የባህል መንደር የተባለው እኮ በዚሁ በእጅ ጽሑፉ ነው!»

«ልክ ነዎት» አለኝ። «ግን ሕግ ነው።»

እሱና ጓደኞቹ አንድ ባንድ ነቀሏቸው። ደንበኛ አስፈራ ተብሎ ሁለቴ ፈገግታው የተስተካከለው በጥርስ ሐኪሙ ታፔላ ላይ የተሣለው ጥርስ ሳይቀር ተጫነ። የፀጉር አስተካካዩን ታፔላ ታውቀዋለህ፤ አባባ እጁ ሳይከዳው የጻፈው የመጨረሻው ነው። በፊቱ ደፍተው መኪናው ላይ ሊወረውሩት ሲሉ አባባ ከተቀመጠበት ደጃፍ ተነሳ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ በጀርባው አድርጉት፣ ቀለሙ ይላጣል» አለ። አባባ ሰው ሲለምን በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እነሱም በፊቱ እንደደፉት ወረወሩት።

አሁን መኪናዎቹ በእርግጥ ይታጠፋሉ። ሰዎቹ ወርደው ዙሪያውን ይቃኙና «መንደሩ የቱ ጋ ነው?» ይሉናል። «እዚሁ ነው» እንላለን። የሚያዩት የሚስማር ቀዳዳ ነው። አንዲት ሴትዮ ቀዳዳውን ፎቶ አንስታ ሄደች።

ስልክ ስደውልልህ ምን አልከኝ? «እትዬ፣ ያቺ የእጅ ጽሑፍ የምትከለክል አንቀጽ ባትገባ ድምፅ አይሞላልንም ነበር። ማስታወቂያ አታሚዎቹ አስቸገሩ። እኔም ብሆን አንጀቴ አሯል።» ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ! አንቀጿን በገዛ እጅህ ያስገባህ አንተ፣ አንጀቱ ያረረውም አንተ፣ ታዲያ እኛ ምን ቀረን? ይህንንም በቻልኩት ነበር። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ያልካት ናት ደሜን ያፈላችው፦ «ደግሞ ጋዜጠኛ ከመጣ እህቱ ነኝ እንዳትዪ፣ እሺ?»

እሺ አላልኩህም።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ለፀጉር አስተካካዩ አዲስ ታፔላ ጻፍኩ። አባባ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ «የፊደሉን እግር ሳብ አድርጊው፣ አንገቱ አጠረ» እያለ ሲነዘንዘኝ ዋለ። ሰቀልኩት። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣልኝ። ፀጉር አስተካካዩ «እኔው ነኝ ያሰቀልኩት ልበል?» ሲለኝ እምቢ አልኩት።

እቀርባለሁ። ዳኛው ሕጉን አታውቂም ወይ ሲሉኝ አውቃለሁ እላለሁ፤ አንቀጿን በቃሌ አነበንብላቸዋለሁ። ማን እንዳስገባት ሲጠይቁኝ ስምህን ከነአባትህ ስም እጠራለሁ። ምንሽ ነው ካሉኝም፣ ወንድሜ ነው፣ የአንድ እናት ልጆች ነን እላለሁ። ጋዜጠኛ ቢኖር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አባባም ልምጣ ብሏል፤ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋለሁ። አንተን ለመካድ የሚሆን አፍ የለኝም፣ ታናሼ። አንተ እኛን ለመካድ የሚሆን አፍ ካለህ ግን መጥተህ እዚያው በአባባ ፊት ተናገር።

እስከዚያው ሰላም ያገናኘን ልበል፣ ሰላም ካለ።

እህትህ ነኝ