የኖርድቬስትሽታት ትንቢት

ፍራንክፈርት፣ ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

«የኖርድቬስትሽታት ሰፈር ሰዎች የመረጡት ሁልጊዜ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር ይሆናል» ብዬ በማኅበሩ ጋዜጣ ዓምዴ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ነገ ምርጫው ነው፤ እህቴ ሂሩት ትወዳደራለች። ዛሬ የዚያ ሰፈር አለቃ ነኝ ባይዋ አስካለ ደወለችልኝ።

«የኦስትኤንድ ሰፈር ሰዎች ለማን ናቸው፣ የኔ ቆንጆ? የሪድበርግ ሰፈሮችስ?»

«እናንተስ ለማን ናችሁ?»

«እኛማ ሰዉን ጠያይቀን ነዋ! ተሸናፊ መርጠን መሳቂያ እንሁን?»

ለካ ትንቢታቸው ይኸው ኖሯል! ደሜ ፈላ። «ሁሉም ለሂሩት ነው» ብዬ ዋሸኋት።

«እኛም ከመጀመሪያው ለእሷ ነን» አለች፣ አድርባይ!

ነገ እህቴ ብታሸንፍ አስካለ «እኛ ያልነው ሆነ» እያለች ደረቷን ነፍታ ትዞራለች። ውሸቱ የራሴ ስለሆነ አንዲት መስመር እንኳ ልጽፍባት አልችልም። ሂሩት ደግሞ ምንም ሳታውቅ አቅፋ ታመሰግናታለች።