የመጠይቁ ሦስተኛ ጥያቄ

ዓርብ፣ ጥር 14፣ ጅዳ

ዛሬ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ የቤት ሠራተኞች ዕረፍታቸውን በሚያሳልፉበት የኪራይ ክፍል የጥናቴን መጠይቅ በተንኩ። አንዷ ቀና ብላ «መምህር፣ ረሱኝ እንዴ? ዘሐራ ነኝ እኮ» አለችኝ። ጋዜጠኝነት አስተምሬያት በማዕረግ የተመረቀች ተማሪዬ ናት። አሁን ሳፋ ሰፈር ማዳም ቤት ትሠራለች።

ሦስተኛው ጥያቄ የትምህርት ደረጃ ነው። ምርጫዎቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያበቃሉ። ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ ከዚያ በላይ የተማረች ትኖራለች ብዬ አላሰብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ «ሳትጠይቁ አትፍረዱ» እያልኩ ያስተማርኩት ሰውዬ!

«የቱ ላይ ላድርገው?» አለችኝ። ምርጫዎቹን እንደገና አነበብኳቸው።

«ኸላስ፣ ችግር የለም መምህር፤ ጥናትዎ እንዳይበላሽብዎ» ብላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ምልክት አደረገች።

እኔም አመስግኜ ወረቀቱን ተቀበልኳት።