ከሾፌሯ ጎን ያለው ወንበር

ለእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ክስ አለኝ። ፖስታውን በፕላስተር ስትጠቀልይው ወርቅ የላክሽልኝ ነው የመሰለኝ። በቢላዋ ስከፍተው የሰላምታሽን ግማሽ ቆረጥኩት፤ ለእኔ ይሁን ለሚስቴ ስላልለየልኝ ሙሉውን ለራሴ ወስጄዋለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እናትሽንስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ እኔን ስታማ ብቻ ነው የሚሻላት? እኛ ደህና ነን።

ባለፈው ወር ጎርፍ የሌላኛውን የባቡር ኩባንያ ድልድይ ወሰደው። ተሳፋሪው ሁሉ እኛ ጣቢያ ላይ ፈሰሰ። ሃያ ዓመት በመንገደኛ ሲሻሙ የኖሩት ሁለቱ ኩባንያዎች ሳይወዱ ታረቁ፤ የእነሱ ባቡሮች በእኛ ሐዲድ ሊሄዱ፣ ቲኬታቸው እኛ ጋ ሊሠራ፣ ሠራተኛም ሊዋዋሱ ተስማሙ። ችግሩ ሾፌር በማያውቀው ሐዲድ ብቻውን አይነዳም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። የእኛ ሾፌሮች ደግሞ የራሳቸው ሥራ በዝቶባቸዋል።

እኔ ዓይኔ ደክሞ ከመንዳት ከተነሳሁ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋ ዕቃ ክፍል ተቀምጬ የሰው ጃንጥላ ስጠብቅ እንደነበር ታውቂያለሽ። አለቃዬ መጥቶ ምንም እንደማልነካ፣ የሚፈለገው አፌ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ለአፌ በስተርጅና ሥራ ተገኘለት ብላ ሳቀች።

ያስቀመጡኝ ከእነሱ ሾፌር ጎን ነው። ቁጥብ ሴት ናት። ገና ስለ ልጅነቴ ማውራት ስጀምር የሐዲዱን ብቻ እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ። አኮረፍኩ፤ ኩርፊያዬ ግን ሐዲዱ ዳር ካለው ድንጋይ መፍጫ አላለፈም። እዚያ መታጠፊያው ላይ የምልክት መብራቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አሁን ፍጥነት ቀንሺ አልኳት። ምንም ሳይታያት አምናኝ ቀነሰች። ዞር ስንል መብራቱ ቀይ ነበር፤ ረጋ ብላ አቆመች። አረንጓዴ እስኪበራ ስንጠብቅ፣ “እሺ ጋሼ፣ ልጅነትዎን ይቀጥሉ” አለችኝ።

ድልድዩ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል። አገሩ በሙሉ ደስ ብሎታል፤ ቀስ ብለው ቢሠሩት የምል እኔ ብቻ ነኝ። ሾፌሯ ግን ሌላ ጊዜ እንዳንቸገር የሁለቱም ኩባንያ ሾፌሮች አንዱ የሌላውን መንገድ እንዲማር፣ አስተማሪውም እኔ እንድሆን ለአለቆች አመልክታለች። ዛሬ ተሰብስበውበታል። እንቢ ካሉ መመለሻዬ ጃንጥላዎቹ ዘንድ ነው። እኔ ግን፣ አትሳቂብኝ፣ ልብሴን አስተኩሼ ሰቅያለሁ።

እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ሲያንኮራፋ ቀስ በልልኝ በይው፤ ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን፣ ትልቁን ደግሞ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሚስቴ ከፈተች። ሾፌሯ ናት! ቤቴን ማን እንዳሳያት እንጃ። ግቢ ብንላትም ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ “ጋሼ፣ ዘጠኝ ሾፌሮች ሰኞ ጠዋት ይጠብቁዎታል” አለችኝ። ልጄ፣ ሾፌሯን ጎትቼ ላስገባት፤ እዚህ ላይ ላቁም።

አጎትሽ
ከጣቢያው ማዶ፣ ዓርብ ግንቦት 14 ቀን