የቁም ተዝካሬ ከተበላ ወዲህ

ኅዳር ፫ ቀን ፲፰፻፶፪፣ ደብረ ታቦር

ብራና ስፍቅ ዋልኩ። ሐሳቤ ግን ትርንጎ ጋ... በስተርጅና ፍቅር! ጉድ እኮ ነው!

ሰባት ዓመት ሆነ። አንጀቴ ደም እያፈሰሰ፣ ሞትኩ ብዬ የቁም ተዝካሬን ደግሼ አገር አበላሁ። ጠላውን የጠመቀችው ትርንጎ ነበረች። ከዚያ ጠበል ስጠጣ አንዲት እብጠት ከሆዴ ወጣችና ዳንኩ! ዛሬም መንደሩ ሲያየኝ፣ "ተዝካሩ የተበላው መጣ!" ይላል። ይበል! ለጥር ከትርንጎ ጋር በቁርባን ልንጋባ ነው!

ኅዳር ፱

መቀነቴን ስታጠቅ ከግራ ጎድኔ ሥር ጠጠር ያለ ነገር... ምን ይሆን? ጣፊያ ነው። ይፋግ ቆላ ወርጄ አልነበር? ወባ ነዋ። እያዜምኩ ዋልኩ።

ኅዳር ፲፬

ወጌሻው እሸቴ ጣፊያዬን ሊተኩስ ብረት አግሎ ዳበሰኝ። እጁ ቆመ።

"መሪጌታ፣ ትኩሳት ነበረዎት?"

"ኧረ የለም።"

ብረቱን ውሃ ውስጥ ከተተው። "የወባ አይደለም። ያኔ ሆድዎ ላይ የዳበስኩት ነው፣ ያው ራሱ። ሰባት ዓመት ተደብቆ ጣፊያዎ ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።"

ሳቄ መጣ። ስንት ቦታ እያለ ጣፊያ?

"ለፋሲካ እደርሳለሁ?"

"እንጃ..."

ኅዳር ፲፯

ልንገራት? ከቆረብን መፋታት የለ። ብሞት ሌላ ማግባት የለ። ዝም ብልስ? እሸቴ እንደሆነ አይናገርም። ጥርም ቅርብ ነው... አንተ ሌባ!

ኅዳር ፳

ነገርኳት። ጌሾ ስትወቅጥ ነበር።

"አልዳንኩም፣ ትርንጎ። ብሞት ሌላ ማግባት የለሽም፤ ቁርባኑ ይቅር።"

ሁለቴ ወቀጠች።

"መሪጌታ፣ ተዝካርዎ አንዴ ተበልቷል። ሁለተኛ የለብዎትም። የዘንድሮውን ገብስ ለቁርባናችን እናድርገዋ!"

ከሳቄ ብዛት ጎኔን ያዝኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

"ሌላ አገባለሁ ብሎ ማን ነገረህ?"

አንተ አለችኝ! እኔን! ቤቴ እስክገባ እየሳቅኩ፣ እየፈራሁ...

ጥር ፲፰

ቆረብን! ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱም "ተዝካሩ የተበላው" አላለኝም። "የትርንጎ ባል" አሉኝ።

የጎኔ እብጠት አድጓል፣ ያመኛል። መቀነቴን አሁን የምታስርልኝ እሷ ናት። በግራ በኩል ላላ ታደርገዋለች።