ከጣቴ ዘግይቶ የመጣው ድምፅ

ውድ ሰልዋ፣

እንዴት ከርመሻል? አትደውልልኝ ብለሻል፤ አልደውልም። አትጻፍልኝ ግን አላልሽም። የዋጃዋ አሲያ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሪያድ ስለምትመለስ ይሄን ደብዳቤና አንድ ፍላሽ በእጇ እሰጣታለሁ። ሳታነቢው ቀድደሽ ብትጥይውም መብትሽ ነው። ብቻ የደወልኩልሽ ቀን ስልኩን የዘጋሽው ነገሬን ሳልጨርስ ነው፤ ግማሹን ይዘሽ እንድትቀሪ አልፈለግኩም።

ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ያኔ ስትዘፍኚ ምት የጠፋብሽ በእኔ ጥፋት ነው" ስልሽ መጀመሪያ ሳቅሽ። ከዚያ "ረመዳን፣ ይሄን ለማወቅ ዕቃ መግዛት ነበረብህ?" አልሽኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ወላሂ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የድሮውን ኪቦርዴን ታውቂዋለሽ፤ ከቆቦ እስከ ሮቢት ሰርግ ሲያሞቅ የኖረ፣ ሁለት ቁልፉ የወለቀ። የራሱ ድምፅ ነበረውና ስትጫኚው እዚያው ይጮሃል። ባለፈው ወር አንዱ ሚዜ ለስላሳ ደፋበትና ሞተ። ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ ነው? ደሴ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ በረከት "ከዚህ በኋላ ሚዲ ኪቦርድ ነው የሚያዋጣህ፣ ከላፕቶፕህ ጋር አያይዘህ የፈለግከውን ድምፅ ታወጣበታለህ" ብሎ አንዱን ገዝቶልኝ በሚኒባስ ላከው። ቀላል ነው፤ ቢያዩት መጫወቻ ይመስላል።

ክፍሉን አልቀየርኩትም። አሁንም ከባጃጅ ጋራዡ ጀርባ ነኝ፤ አንቺ የለጠፍሽልኝ የእንቁላል ካርቶንም ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ኪቦርዱን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። መብራቱ በራ። ተጫንኩት፤ ዝም። ሁሉንም ቁልፍ ተራ በተራ ወረድኩበት፤ ዝም። ድምፁን የሚከፍት ነገር ስፈልግ አገላብጬ ታች ታቹን ሁሉ አየሁት። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ወዲያው ደም ፍላቴ መጣና በረከት ጋ ደውዬ "ድዳ ዕቃ ነው እንዴ የላክህልኝ!" አልኩት። ሳቀብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ እሱ'ኮ የራሱ ድምፅ የለውም። ጣትህ የቱን እንደነካ ብቻ ነው ለላፕቶፑ የሚነግረው፤ የሚጮኸው ላፕቶፑ ነው" አለኝ። ከዚያ በስልክ እየመራኝ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባሁ፤ ሴቲንግ ከፈትኩ፤ የኪቦርዱን ስም ከዝርዝሩ አግኝቼ ምልክት አደረግኩበት። አንድ ትራክ ከፈትኩ፣ ፒያኖ አስገባሁበት። "በል አሁን ተጫን" አለኝ።

ተጫንኩ። ድምፁ መጣ፤ ግን ዘግይቶ መጣ። ጣቴ ወርዶ፣ ተነስቶ፣ ከዚያ ነው የጮኸው። የሰርጉን ዘፈን ጉማዬን ልጫወት ብዬ ሞከርኩ። አስቢው፣ በየሳምንቱ ሰርግ የምጫወተው ሰውዬ፣ ተኝቼ ብነሳ የማይጠፋኝን ጉማዬ አራት ምት መዝለቅ አቃተኝ። ጣቴ ድምፁን ልጠብቅ ይላል፣ ስጠብቀው ደግሞ ይባስ ይዘገያል። በረከትን "ኧረ ድምፁ ከኋላዬ ነው የሚመጣው!" ብዬ ጮህኩበት።

ይሄ ቃል ከአፌ ሲወጣ፣ ሰልዋ፣ እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደረቀ። ያንቺ ቃል ነዋ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ማይክ ፊት ቆመሽ ያልሽኝ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያን ቀን ከሆነው አንድም ነገር አልረሳሁም። ለባህል ቡድን ሴት ድምፃዊ የሚፈልጉት ሰውዬ ከደሴ መጥተዋል። አንቺ ከገበያ ቲማቲምሽን ለሰው አደራ ሰጥተሽ በሩጫ ነው የደረስሽው፤ ነጠላሽ አቧራ ለብሷል። ድምፅ እንዳይገባ ብዬ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ከአጎቴ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ቀድሞ ግን ሰውዬው ይቀበሏት፣ ሥራዋን ትያዝ፣ ያኔ ደሴ አብረን እንገባለን እያልኩ በልቤ ቤት ሁሉ ተከራይቼ ነበር። ያን ቀን ጥሩ ባለሙያ መምሰል ፈለግኩ። ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አደረግኩና "እንዳታወልቂው፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሰርግ ቤት አይዘፈንም" አልኩሽ።

ጀመርሽ፤ ተደናቀፍሽ። እንደገና ጀመርሽ፤ ጎተትሽ። ሦስተኛው ላይ አቆምሽና "ረመዳን፣ ድምፄ ከኋላዬ እየመጣ ነው" አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? አፌን በቆረጠው! "የምን ከኋላ? ጂን ነው እንዴ የሚከተልሽ?" አልኩ። ከበሮ መቺው ጋሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰውዬውም ፈገግ አሉ። ሳቃቸው ጣመኝና ጨመርኩበት፤ "ድምፅ አላት ጌታዬ፣ ምት ግን የላትም" አልኳቸው። አንቺ ፊት። ከእናትሽ ከእትዬ መይሙና ጎን ቆመሽ፣ ገና ጥርስሽን ሳትነቅይ ጀምሮ የሰርጉን ሁሉ ጭብጨባ ይዘሽ ያደግሽውን ልጅ።

ማዳመጫውን አውልቀሽ፣ እያጨበጨብሽ አንድ ጊዜ ብቻሽን ዘፈንሽ። እኔ በመሀል "በቃ፣ በቃ" አልኩሽ። ቀጥላ ሩት ገባችና በአንድ ጊዜ ጨረሰች፤ ሰውዬውም እሷን ይዘው ሄዱ። ሩት አንዱን ጆሮዋን ከማዳመጫው አውጥታ ነበር የዘፈነችው። ዓይኔ አይቷል፤ ልቤ ግን አላየም። አንቺ ሁለቱንም ጆሮሽን ሸፍነሽ የቆየሽው እኔ እንዳታወልቂ ስላልኩሽ ነው።

በረከት ስልኩ ላይ "ሃሎ፣ ሃሎ" ሲለኝ ነው የነቃሁት። "በፈር የሚባል ቁጥር አለ፣ ላፕቶፑ ድምፁን ምን ያህል አጠራቅሞ እንደሚለቅ የሚወስን፤ ስንት ላይ ነው?" አለኝ። ሁለት ሺህ አርባ ስምንት። "ምነው፣ አብደሃል? ማን ነው እዚያ የሰቀለው?" ማን ይሆናል! የቆቦ ሙቀት ላፕቶፑን ሲያንጣጣው ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብዬ እኔው ነኝ ያን ዓመት የሰቀልኩት። የድሮው ኪቦርድ የራሱን ድምፅ ስለሚያወጣ መዘግየቱ እኔን አንድም ቀን አልነካኝም። "በማዳመጫ የራሱን ድምፅ የሚሰማ ዘፋኝስ እንዲሁ ይዘገይበታል?" ብዬ ጠየቅኩት። "አዎና! እንኳን ጀማሪ፣ ስንት ዘመን የዘፈነም ቢሆን ምት ይጠፋበታል" አለኝ። ቁጥሩን ወደ መቶ ሃያ ስምንት አወረድኩት። ድምፁ ከጣቴ ጋር እኩል መጣ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺን ከአገርሽ ያስወጣውን ነገር በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ጭንቅላቴን ኪቦርዱ ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በረከት ሳይገባው ዘጋው።

በማግሥቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ እናትሽ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየለዩ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "እኔ ነኝ'ኮ ያስተማርኳት" አሉኝ። "ምት የላትም ስትል እኔ የለኝም ማለትህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ጠርቷት ያውቃል? 'ምት የለሿ' እያሉ በገበያ መሀል ሲጠሯት አልሰማህም? ልጄ ለሰው ቤት ሥራ ብላ አይደለም የሄደችው፣ ስሟን ሽሽት ነው የሄደችው።" ከዚያ "አሁንማ በስልክ ስናወራ እንጉርጉሮ እንኳ አይወጣትም" አሉና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ተቀመጥ አላሉኝም።

ስምሽን ልመልስ ብዬ ባለፈው እሑድ ዋጃ ሰርግ ላይ ማይኩን ያዝኩ። "ሰልዋ ምት ነበራት፤ የተበላሸው የእኔ ማሽን ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ አንዱ ከኋላ "ኧረ ሙዚቃውን ልቀቀው!" አለ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ጋሹም ከበሮውን መታ። ያን ቀን ስምሽን ለማጥፋት አንድ አረፍተ ነገር በቅቶኝ ነበር። ለመመለስ ግን አልበቃኝም። ደሴ ላሉት ሰውዬም ደወልኩላቸው፤ "ቦታው ድሮ ተይዟል፣ ልጅቷንም አላስታውሳትም" አሉኝ።

እወድሽ ነበር አልልሽም፤ አሁንም ነው የምወድሽ። ያኔም እወድሽ ነበር፤ እየወደድኩሽ ነው ያላመንኩሽ። ለላፕቶፑ ቁጥር የሰጠሁትን ግማሹን ያህል እንኳ ለቃልሽ አልሰጠሁትም። ጥያቄሽ ልክ ነው፤ ዕቃ መግዛት አልነበረብኝም። "ምን እየሰማሽ ነው? እስቲ ማዳመጫውን ለእኔ ስጪኝ" ማለት ይበቃ ነበር። አላልኩም። ይቅር በይኝ ለማለት ነው የጻፍኩልሽ፤ ይቅር ባትይኝም ይገባኛል።

ፍላሹ ላይ ያለው ያን ቀን ማዳመጫውን አውልቀሽ የዘፈንሽው ነው። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀድቶ ተቀምጦ ነበር፤ እስከዚህ ወር አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ምት ቆጣሪ አስገብቼ ጭብጨባሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለካሁት፤ ዝንፍ አይልም። ፒያኖ ልጨምርበት ብዬ አዲሱን ኪቦርድ ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ አንዲት ቁልፍ አልነካሁም፤ ምንም የሚጎድለው የለም። ለእትዬ መይሙና ከሰጠኋቸው ቅጂ ላይ "በቃ፣ በቃ" የምልበትን ቆርጬዋለሁ። ያንቺን ግን አልነካሁትም፤ እንደነበረ ስሚው።

እኔ በቃ ካልኩሽ በኋላ ማይኩ ክፍት ነበር። ጋሹ ሲስቅ ይሰማል። እኔ "ምት የላትም" ደግሜ ስል ይሰማል። ከዚያ አንቺ ቀስ ብለሽ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ረመዳን፣ አንተ እንኳ ታውቀኛለህ" ትያለሽ። ያን ቀን አልሰማሁሽም። መልሴን ፈልጌ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። መልስ የለም። በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው የሚሰማው።

ያላመነሽ፣
ረመዳን
ቆቦ