በጣሪያህ ሥር የጠራሁት ስም

ሰማይን ያለ ምሰሶ ባቆመ፥ አንተንም እኔንም በፈጠረ በአንዱ አምላክ ስም ሰላም ይድረስህ።

ውድ ወንድሜ ኸለፍ፤

ከሐለብ ወደ ሲንጃር የሚመለስ ነጋዴ ስላገኘሁ ይህን ላክሁልህ። የልጅ ልጅህ ጮክ ብላ ታንብብልህ፤ አትስጋ፤ ወገኖችህ እምነታቸው ስለሚከለክላቸው በአፋቸው የማይጠሩትን የዚያን የክፉውን ስም አልጻፍሁበትም።

በስደቱ ዓመት ከማርዲን ያመለጥን አሥራ አንድ ክርስቲያኖች በቤትህ ተጠግተን ሳለን፥ ያሳድደን የነበረው የጦር አለቃ መልእክተኛ መጥቶ «እስከ ማታ ካላስረከባችኋቸው መንደሩ ይቃጠላል» ያለበትን ቀን ታስታውሳለህ። ሽማግሎቻችሁ በግቢህ ለምክር ተቀመጡ። በዚያው ሰዓት ከእኛው ጋር የተሰደደችው የኤሊሽቫ አራስ ልጅ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ሳይጠመቅ እንዳይሞት ፈርቼ በጓዳህ ውኃ አስቀረብሁ። ሥርዓታችን ወደ ምዕራብ ዞሮ ክፉውን በስሙ ጠርቶ መካድን ያዝዛል። እኔም የት እንዳለሁ ዘንግቼ፥ በቤተ ክርስቲያን እንደ ለመድሁት ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት።

ከግቢው አጎትህ ደርዌሽ ጮኹ።

«ሰማህ ኸለፍ? ዳቦህን እየበላ ይሄን ይጠራብሃል! ለነዚህ ነው ቤታችን የሚቃጠለው? ስጣቸውና እንገላገል!»

መጋረጃውን ገልጠህ ገባህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር።

«ቄሱ፥ ያ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?»

«ሦ… ሦስት ጊዜ።»

«አንዴ አይበቃም እንዴ? እናንተ ደግሞ ስታበዙት!» ሕፃኑን ጎንበስ ብለህ አየኸው። «በል፥ ሁለት ይቀርሃል። ሽማግሎቹን ይዤ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ ጆሯችንን ደፍነን እንቆያለን። ስትጨርስ ጥራን፤ እንዳትረሳን ደግሞ፥ አጎቴን ጉልበት ያማቸዋል።»

አጎትህ «በስተርጅና መሰላል አስወጣኸኝ!» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ።

ጥምቀቱን ፈጽሜ ስወጣ፥ አንተ ከጣሪያው ላይ ለመልእክተኛው ትመልስ ነበር፤ «ለአለቃህ ንገረው፤ ቤቴ ያለው እንግዳ ነው። እንግዳ አሳልፈን አንሰጥም።» አጎትህም ከአጠገብህ ቆመው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

መንደሩ ተቃጠለ። አብረን ወደ ተራራው ስንሸሽ ሕፃኑን ያዘለችው ሚስትህ ነበረች፤ እርሱም ድኖ አደገ። አጎትህ እኔን እየረገሙ ስንቃቸውን አካፈሉኝ።

ወንድሜ፥ አፍሬ ያልነገርሁህ አንድ ነገር አለ። ከስደቱ በፊት በማርዲን ደብር በሕዝብ ፊት ቆሜ፥ ወገኖችህ የዚያ የክፉው አምላኪዎች ናቸው ብዬ አስተምሬአለሁ። በዓይኔ አይቼ አልነበረም፤ ሲወራ ሰምቼ ነው። ሰዎችም ቄስ ነውና ብለው አመኑኝ። ቤትህ የተጠጋነው፥ ይህን የሰበክሁ እኔና ይህን ያመኑ እነርሱ ነበርን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ያ ትምህርቴ ሐሰት እንደ ነበረ በዚህ ደብር ተናገርሁ። አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ ኤሊሽቫ ግን አለቀሰች። ከእነርሱ አስቀድሜ አንተን መለመን ይገባኝ ነበር። አርባ ዓመት ዘገየሁ፤ ይቅር በለኝ።

እግዚአብሔር አንተን፥ ሚስትህን፥ ይህን የምታነብልህን ልጅና በቤትህ ያሉትን ሁሉ ይባርክ፤ የማንንም በር ለማንኳኳት አያድርሳችሁ።

ወንድምህ ቄስ ገወርጊስ